ቤቱን የሠራችው እህቴ ናት

«የት ነበር የተመረቀው?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ በከዘራቸው እያመለከቱ።

ለሊሴ ቀና ብላ ፎቶውን አየች። ፎቶው ላይ ወንድሟ ሮበሌ ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ቆቡን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይስቃል። ጋዋኑ የራሷ ነው። በተመረቀችበት ቀን «እስቲ እኔም አንዴ ልመረቅ» ብሎ ከላይዋ ገፎ ለብሶት ነበር። ሮበሌ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዞ አያውቅም።

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ሐዘንተኛን ደጋግሞ የሚጠይቅ ስለሌለ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው አለፉ።

ስሕተቱ የማንም ክፋት አልነበረም። የዕድሩ ልጆች ለቀብር የሚሆን ፎቶ ሲፈልጉ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሮበሌ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ሲሚንቶ የለበሰ ነው፤ ንጹሕ ልብስ ያለበት ይኼ አንዱ ብቻ ሆነ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወጋየሁ ደግሞ ለሟች ሁሉ የሚያነቡት የሕይወት ታሪክ በአንድ ልክ የተሰፋ ነው፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ ተመረቀ፣ አገለገለ፣ አረፈ። ትምህርት ያልተጠቀሰበት የሕይወት ታሪክ ሟቹን ማሳነስ ይመስላቸዋል። ፎቶውን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስከሬኑ ፊት ቆመው በዚያ በሚያስገመግም ድምፃቸው «በከፍተኛ ማዕረግ በዲግሪ የተመረቁት አቶ ሮበሌ ዲንሳ» ብለው አነበቡት። ያን ጊዜ ለሊሴን ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ነበርና የሰማችው ነገር የለም። የሰማችው በማግስቱ፣ ከድንኳኑ ሹክሹክታ ነው።

«ዲግሪ ይዞ ነው እንዴ ዕድሜ ልኩን ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረው?»

«ምን ያድርግ ታዲያ? የዘንድሮ ዲግሪ ለግድግዳ እንጂ ለሆድ አይሆንም!»

«የኔዋን አታይም? አስተምሬ አስተምሬ፣ ይኸው ከእናቷ ጋር ተከታታይ ፊልም ታያለች።»

ካርታ የያዙትም ንፍሮ የሚቆረጥሙትም ወሬውን ተቀባበሉት። ለሊሴ ተነስታ «ዲግሪው የኔ ነው» ልትል አሰበች፤ ግን ከፊቷ ያለው ሰው ብዛት አፏን ያዘው። ይኼን ሁሉ ሰው ወንድሟ ከየት አመጣው? ከጎፋ በመኪና የመጣች ወይዘሮ አለች፤ ወጥ ቤቷን ያነጠፈላት እሱ ነው፤ እንደ ገዛ ወንድሟ ታለቅስለታለች። የሚኒባስ ሾፌሮች አሉ፤ አሸዋ አውራጆች አሉ፤ ከረባት ያሰሩ መሐንዲሶች ቦታ አጥተው ውጭ ቆመዋል። የለሊሴ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሞቱ ጊዜ የመጣው ሰው የዚህን ሩብ አይሆንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀማሉዲን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር መጣ። ከሮበሌ ጋር ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከለሊሴ ጋር ግን ከበር ሰላምታ ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ። አይዞሽ። ከሱ በኋላ ቤቱ አይፈርስም፤ አንቺ እያለሽ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አለኝ ብለህ ነው፣ ጀማል?»

«እንዴት ምን አለኝ ትያለሽ? እሱ የነገረን አይበቃም? ‹ቤቱን የሠራችው እህቴ ናት። የምታበላኝም እሷ ናት፤ እኔ የምሠራው ለኪሴ ነው› ይለን ነበር። ምሳ በቀመስን ቁጥር ያንቺ ስም ሳይነሳ አይቀርም።»

ለሊሴ ፊቱን አየችው። አልቀለደም።

በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠረች ቆይታለች። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጇ የሚገባው፣ ሮበሌ አንድ መታጠቢያ ቤት አንጥፎ ሲወጣ የሚያገኘውን ያህል ነው። እሱ ደግሞ በወር ስንት መታጠቢያ ቤት ያነጥፍ ነበር! ከሰፈሯ ከለቡ እስከ መሥሪያ ቤቷ ሜክሲኮ ታክሲ ከፍላ፣ ምሳዋን በልታ፣ ወሩ ሳይጋመስ እጇን የምትዘረጋው ወደሱ ነው። «ደሞዝሽ እስኪገባ ነው» እያለ ይሰጣታል፤ ደሞዙ ሲገባ ግን ጠይቋት አያውቅም።

«እኔስ ብትዪ!» አሉ ወይዘሮ ኤሌኒ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቷ፣ ከወዲያ ጥግ። «ልጄን ቲናን ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ ሱቅ ላስገባት ስል እበሬ ላይ ቆሞ አስማለኝ እኮ። ‹እትዬ ኤሌኒ፣ ለሊሴን አያዩም? የሷን ደሞዝ ቢሰሙ ይደነግጣሉ› አለኝ።»

መደንገጡስ አይቀርም ነበር፣ አለች ለሊሴ በልቧ። በሐዘኗ መሃል ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዕንባ ቀደመው። ደነቃት። አንድ ሰው ይኼን ያህል ዓመት፣ በየሕንፃውና በየጎረቤቱ፣ ለእህቱ የሌላትን ስም ሲገነባ ኖሮ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልተመጻደቀባትም?

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ፎቅ ከመብዛቱ በፊት አባታቸው አቶ ዲንሳ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት ነበር። መሬቱ ሄደ፤ ካሳው ሄደ፤ አባትየውም ተከትለው ሄዱ። ሮበሌ ትምህርቱን ትቶ የራሳቸው እርሻ በነበረበት ቦታ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ። ለሊሴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አንድ ካፌ ገንዘብ ያዥ ሊያደርጋት ሲል «ትምህርቱ ይቅርብኝ» ብላ ደወለችለት። በማግስቱ፣ ቅንድቡ ላይ አቧራ እንዳለ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጣ። ዘበኛው አላስገባ አለው። እሷ ወደ በሩ ወጣች።

«ለእኔ እንቢ ያሉኝን በር አንቺ በፈቃድሽ ጥለሽው ልትወጪ ነው?» አላት። ዳቦ ገዝቶላት ተመለሰ።

«ባለፈው ዓመት የሆነውን ነግሮሽ ነበር?» አላት ጀማሉዲን። «የአንድ ሕንፃ ባለቤት ተቆጣጣሪ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ቋሚ ደሞዝ፣ ሕክምና፣ ሁሉም ነገር። ቢሮ ሲገባ የትምህርት ወረቀት አምጣ አሉት። የለኝም አለ። ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ልጅ ተመደበበት። ይናደዳል ስንል እየሳቀ መጣ። ‹አየህ ጀማል? እህቴ ዘንድ ያለው ይኼ ነው። እኔ የተኛሁ ቀን ገንዘቤም አብሮኝ ይተኛል› አለኝ።»

እውነትም በሥራው አቧራ የያዘው ሳል ጠንቶበት አልጋ የያዘ ጊዜ ገንዘቡ አብሮት ተኛ። በመጨረሻዎቹ ወራት ቤቱን የያዘችው ያቺው የለሊሴ ደሞዝ ነበረች። መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ ሮበሌ ከትራሱ ቀና እያለ «አላልኩም?» ይላታል። ለማን ምን እንዳለ አልገባትም ነበር። አሁን ገባት።

ወደ ማታ ገደማ የወይዘሮ ኤሌኒ ልጅ ቲና ሻይ ይዛላት መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ለቀብሩ ብላ ነው ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው፤ ሦስተኛ ዓመት ናት።

«ሊሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ማዘር እንዳትሰማ።»

«ጠይቂኝ።»

«እዚህ ለቡ ያለ ሴራሚክ መሸጫ ሊቀጥረኝ ነው። ከኮሚሽኑ ጋር አሪፍ ነው፤ ግቢ ላለመመለስ በልቤ ጨርሻለሁ። ግን እስካሁን የቆየሁት ጋሽ ሮቤ ስላንቺ የሚለውን እያሰብኩ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ነው የሚከፍሉሽ?»

ለሊሴ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እውነቱን ብትናገር ልጅቷ ትምህርቷን ትተዋለች፤ ወንድሟም አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታም ይባላል። ብትዋሽ ደግሞ ቲና ሕይወቷን የምታቆመው በሌለ ደሞዝ ላይ ነው።

«ነገ እነግርሻለሁ» አለቻት።

ሳልስቱ ደረሰ። ሰው ሊበተን ሲል በቤተሰቡ ስም ምስጋና ይቀርባል፤ እሱን የሚያቀርቡት እንደ ወትሮው ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በምሁሩ ልጃችን በአቶ ሮበሌ ሐዘን…»

«ጋሽ ወጋየሁ» አለች ለሊሴ ቆማ። «ይፍቀዱልኝና ምስጋናውን እኔ ላቅርብ።»

ሐዘንተኛ፣ ያውም ሴት፣ እንዲህ ስትል ተሰምቶ አያውቅምና ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ጋሽ ወጋየሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይተው ተቀመጡ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ብድራችሁን ይክፈልልኝ» አለች። «ወንድሜ ግን አልተመረቀም። የለበሰው የኔን ጋዋን ነው። ከአሥረኛ ክፍል የወጣው እኔን ሊያስተምር ነው። ‹ቤቱን የሠራችው እህቴ ናት› ብሏችኋል። አንዲት ብሎኬት አልገዛሁም። ደሞዜን የጠየቀችኝ አለች።» የምትቀበለውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ተናገረች። ከኋላ «እቴ!» ያለ ሰው አለ። ወይዘሮ ኤሌኒ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ዓይናቸው ወደ ቲና ሄደ።

«ይኼን ይዤ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ» አለች ለሊሴ። «እሱ ግን የተኛ ጊዜ ያቺ ደሞዝ አንድ ወር ሳትቀር መጣች። መድኃኒቱን የገዛሁት በሷ ነው። ብዙ ናት አልላችሁም፤ ከንቱ ናትም አልላችሁም። ወንድሜ የዋሸው ስለ ራሱ አይደለም፤ ለራሱ ምንም አልወሰደም። የእናንተ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ብሎ እኔን ትልቅ አደረገኝ። እኔ ይኼን ያህል የተወደድኩ አይመስለኝም ነበር።»

ይኼን ብላ ተቀመጠች። ጀማሉዲን ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጋሽ ወጋየሁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ፎቶውን አዩት።

«እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንዴ» አሉ በዝግታ፣ «እኔ በዲግሪ ያሳነስኩት?»

ድንኳኑ ሲነቀል ሰፈሩ ሁሉ ተረባረበ። ቤት ውስጥ ፍራሹና ሰሌኑ ተነስቶ ወለሉ ተገለጠ፤ ሦስት ቀን የገባና የወጣ ጫማ ጭቃ አልብሶታል። ወይዘሮ ኤሌኒ ባልዲ ሞልተው አስቀመጡና የለሊሴን ግንባር ስመው ወጡ። ቲና መወልወያውን አነሳች።

«አንቺ ቁጭ በዪ ሊሊ፣ እኔ አለሁ።»

«ተዪኝ» አለች ለሊሴ። ጨርቅ ነክራ ጨመቀችና መሬት ላይ ተንበረከከች።

ሁለቱም ከጥጉ ጀምረው ወደ በሩ መጡ።

«ሰኞ ግቢ እመለሳለሁ» አለች ቲና።

«የነገርኩሽን ሰምተሽ?»

«ሰምቼ።»

ለሊሴ ራሷን ነቀነቀች። ጭቃው እየለቀቀ ሲሄድ ወንድሟ ያነጠፈው ሴራሚክ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን መስመር በጣቷ ዳበሰችው፤ ጣቷን የሚይዝ ጉርብጥ የለውም። ይኼን ወለል ስትረግጠው ኖረች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ተንበርክካ አይታው አታውቅም። ጉልበቷን አመማት። ቲና መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ለሊሴም ጨርቁን ለሁለት ቀዳ ግማሹን ሰጠቻት።