የሁለት መርፌ ስምምነት

በሽተኛን በማደንዘዣ ጨርሶ ማስተኛት ይሻላል ወይስ በከፊል? በ1978 ዓ.ም. ጅጅጋ ሆስፒታል ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲመጣብኝ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ሰባት ዓመት ሕክምና ተምሬ የተመለስኩት ሰውዬ መወሰን አቃተኝ።

በሽተኛው የግመል ደላላ ናቸው፤ ዐቦኮር ይባላሉ። ከተማው ሁሉ እንደ አጎት ቆጥሮ በሶማሊኛ «አዴር» ይላቸዋል። ራጁ ላይ ቀኝ ሳንባቸው ውስጥ ለውዝ የምታህል ጥላ ታየች። ቲቢ ትሁን ካንሰር የሚለየው በመርፌ ቁራጭ ወስደን አዲስ አበባ ስንልክ ነው።

«ጨርሰን እናስተኛቸው» አለ ማደንዘዣ ሰጪው ደሬሳ። «የተኛ ሰው አይከራከርም።»

«ከነቁ ትንፋሽ ይያዙ ስንላቸው ይሰሙናል። ደግሞ በተበሳ ሳንባ ላይ በፓምፕ አየር መንፋት ያስፈራል» አልኩ።

«መርፌው ውስጥ እያለ ቢያስሉስ?»

ይህም እውነት ነው። ስወላውል ደሬሳ ሳቀብኝ። «ዶክተር፣ እዚያ ማዶ መጠራጠር ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩህ?»

ቢቸግረን አዴርን ራሳቸውን ጠየቅን።

«ተኝቶ ግመል የሸጠ ደላላ አይታችኋል?» አሉ። «ግማሼን አስተኙት፤ ግማሼ ይጠብቀዋል።»

መርፌው ሦስት ጊዜ እንደሚገባ ነገርኳቸው። ምላሳቸው ከከበደ፣ ሲያማቸው የደሬሳን እጅ እንዲጨብጡ ተስማማን። ደሬሳ እጁን አንሶላው ስር አስገባ። ስህተታችን ይኸው ነበር።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ደሬሳ ግራ ተጋባ። «አንድ ጣቴን ብቻ ያዙኝ።»

የጅጅጋ ልጅ የሆነችው ነርሳችን ኢዲል ሳቋ አመለጣት። «ደላላ በጨርቅ ስር ጣት ከያዘ ዋጋ እየተናገረ ነው። አንድ ይበቃል ማለታቸው ነው።»

«ሦስት በላቸው!» አልኩ።

ደሬሳ ሦስት ጣት ሰጠ። አዴር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። አንሶላው ትንሽ ተርገበገበ። «አሁን ሁለት ጣቴን ያዙ» አለ ደሬሳ።

«በሁለት ጨረሱ» አለች ኢዲል።

ሁለተኛውን ወሰድኩ። ሦስተኛውን መርፌ ሳነሳ፣ «ሁለት... ተባብለናል» አሉ በተሳሰረ ምላስ።

ደሬሳ ማደንዘዣውን ይዞ አየኝ። «ልጨምርላቸው?»

አዴር በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል። መርፌውን አስቀመጥኩ።

ሲሰናበቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ነጋዴ አይወጣህም። ቃል መጠበቅ ግን ታውቃለህ።» ኤረር ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ።

በወሩ ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ፦ «ናሙናው አይበቃም። አንድ ይጨመር።»

ደሬሳ አነበበው። «ጨርሰን አስተኝተናቸው ቢሆን...» ብሎ ተወው። ሊያሾፍብኝ የሚችልበት ቀን ነበር፤ አላሾፈም።

ያኔውኑ ጻፍኩ፦ «አዴር፣ ተሳስቼ ነው በሁለት የጨረስኩት። አንዲት መርፌ ቀርታናለች። ተኝተውም ይሁን ነቅተው፣ እንደ ፍላጎትዎ። ብቻ ቶሎ ይምጡ።»

ሳቢር የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤውን ኤረር ድረስ ወስዶ በልጃቸው እጅ እንዳስረከበ ነገረኝ። እሳቸው ግን አልመጡም፤ ያቺ ጥላ ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅኩም።