የሌቦች እድርና ጀርባ የሌለው ቡና

ከሸቤ እስከ ሊሙ ገነት የጽዮናዊትን ጣት የሚያክል የሌባ ጣት አልተፈጠረም። ይህን የምትለው ራሷ ጽዮናዊት ናት። እንዳትደነግጡ፤ በእውኑ ዓለም የሰው እስክሪብቶ እንኳ አንስታ አታውቅም። ሌብነቷ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ሪያድ ስልኩ ላይ ፈረንጆች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ጠንቋይ አንዱ ባለ ሰይፍ ሆኖ፣ በወሬ ብቻ ቤተ መንግሥት ሲዘርፉ አየና "እኛስ ምን አነሰን!" አለ። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው የአጎቱ የእንጨት ሥራ ቤት ጓሮ፣ ገዢ ያጣ ቁም ሳጥን አጋድሞ ጠረጴዛ አደረገው። ጽዮናዊትን፣ ዩምናንና ኖህን ሰበሰበና እሱ አጫዋች ሆነ። ከተማውን የሚፈጥረውም፣ ዘበኛውን የሚያስነጥሰውም እሱ ነው።

በዚያች ከተማ የሌቦች ማኅበር አለ። ሪያድ ማኅበር እንዴት እንደሚመራ የሚያውቀው ከሰፈሩ እድር ብቻ ስለሆነ፣ የሌቦቹም ነገር እድር ሆኖ አረፈው። ዳኛ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው፣ ያረፈደ ይቀጣል፣ የታሰረ ስንቅ ይላክለታል። የእድርተኛን ኪስ መንካት ደግሞ ነውር ነው። ሙያውም ተከፋፍሏል። "ጣት" ኪስ ይገባል፤ "ቁልፍ" በር ይከፍታል፤ "ድመት" በጣራ ይሄዳል፤ "ምላስ" ዘበኛውን በወሬ ይይዛል።

ጽዮናዊት ጣት ናት። "ወርቅጣት" ብላ ሰይማ፣ ከዓመት በላይ ያሳደገቻት፣ የሌባዋ ስምና ችሎታ የተጻፈባት፣ ጠርዟ በፕላስተር የተጠጋገነ ወረቀት አለቻት። ኖህ ቁልፍ ነው፤ የቤታቸውን ቁልፍ እየጣለ እናቱን ያስመረረ ቁልፍ። ዩምና ደግሞ ምላስ ናት። ክፍል ውስጥ "አቤት" ስትል እንኳ የማትሰማው ዩምና፣ እዚያ ቁም ሳጥን ጋ ስትቀመጥ ዘበኛ አስለቅሳ ታልፋለች።

የፈረንጆቹ ዳይስ፣ ማለትም ባለ ብዙ ፊት የዕጣ ጠጠር፣ ገበያ ተፈልጎ ጠፋ። ጅማ ላይ የማይጠፋ ግን አንድ ነገር አለ፤ ጥሬ ቡና። አምስት ፍሬ ከጣሳ ተወስዶ ይጣላል። ጠፍጣፋው ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ ተሳካ፤ ድቡልቡሉ ጀርባው ከሆነ ከሸፈ። የተያዘ ሌባ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተነሥቻለሁ ማለት የለም። ሌላ አባል "እኔ ነኝ" ብሎ እጁን ከሰጠ በተያዘው ፋንታ ይገባል ይላል ደንቡ፤ ግን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ሌባ ሞኝ ነው እንዴ?

እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲሰርቁ፣ የዩምና አባት ጋሽ ቲጃኒ ሊሙ ገነት የቡና መጋዘን ተከራዩ። ቤተሰቡ እሁድ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሆነ። ሪያድ እንደ እድር ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ።

"ቅዳሜ የንጉሡን ማኅተም ሰርቃ ካመለጠች፣ እድሩ ሊሙ ላይ ቅርንጫፍ ይከፍታል። በስልክ እንጫወታለን። ከተያዘች ግን..." አየሩን በሁለት ጣቱ ቀደደው። "ዋላሂ፣ ደንብ ደንብ ነው።"

ጽዮናዊት ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስታሰላ ከረመች። ዩምናን ታውቃታለቻ! ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ካለች በኋላ ወሬዋ ያልቃል። ጨዋታው ከሌለ በምን ያወራሉ? ሁለት ሦስቴ ይደዋወሉና ከዚያ ለበዓል ብቻ፣ ከዚያ ደግሞ ለበዓልም ይቀራል።

ስለዚህ ወርቅጣት ዘዴ አመጣች። አባቷ ጋሽ ሲላስ ጫማ በሚጠግኑበት ሱቅ ጥግ ተቀምጣ፣ የቡና ፍሬዎችን ጀርባ በሞረድ ፈገፈገች፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን፣ የተፈገፈገውን ከተፈገፈገው ጋር፣ በጫማ ማስቲሽ አጣበቀች። በየትም በኩል ቢወድቅ ሆድ ብቻ ነው። ጀርባ የሚባል የለውም።

"ምንድነው የምትሠሪው ልጄ?" አሉ ጋሽ ሲላስ።

"የትምህርት ቤት ሥራ ነው አባዬ። ሳይንስ።"

"ቡና መሞረድ ነው የሚያስተምሯችሁ? እንግዲህ ጌታ ይርዳችሁ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ኖህ የግምጃ ቤቱን በር ከፈተ፣ ወርቅጣት ማኅተሙን ከንጉሡ ትራስ ሥር ላፍ አደረገችና ለዩምና አቀበለቻት። ሁሉም ወጡ። የቀረችው ዩምና ብቻ ናት፤ በመጨረሻው በር፣ ከመጨረሻው ዘበኛ ፊት።

"ቁሚ!" አለ ሪያድ ድምፁን አወፍሮ። "ወዴት ነው? ምን ይዘሻል?"

ዩምና የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። "ጋሼ፣ ነገ ከዚህ ከተማ እወጣለሁ። ጓደኞቼን ልሰናበት ነው የመጣሁት። ፈትሹኝ፤ የያዝኩት ነገር የለም። የምወደው ሁሉ እዚሁ ነው የሚቀረው።"

ኖህ ጥፍሩን መብላት ተወ። ሪያድም ዘበኛነቱ ጠፋበትና ለትንሽ ጊዜ ሪያድ ሆነ።

"አራት ሆድ ነበር የምጠይቅሽ። በሦስት ላሳልፍሽ" አለ ቀስ ብሎ። "ጣዪ።"

"እኔ ላቀብላት! ለመጨረሻ ጊዜ፣ እባክህ ማሎ!" ብላ ጽዮናዊት ጣሳው ውስጥ እጇን ከተተች። ስታወጣው ግን በመዳፏ የነበሩት እጅጌዋ ውስጥ የደበቀቻቸው አምስቱ ነበሩ። ዝንፍ የማይል ሥራ! ዩምና መዳፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ወርቅጣት አንድ ነገር ረስታለች። የቡና ነጋዴ ልጅ መዳፏ ላይ ቡና ከወደቀ ሳታሸት አትለቅም። እንደ ሰላምታ ነው፤ ዩምናም ሁልጊዜ ሳትጥል በፊት ታሸታለች። አሁንም እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቅንድቧ ትንሽ ተነሣ። ጽዮናዊትን አየቻት። በዚያው እጇ ሻሿን አስተካከለች፣ ጣሳውን ገፋ አደረገች፣ ከዚያ ጣለች።

ሁለት ሆድ። ሦስት ጀርባ።

ጽዮናዊት ዓይኗን አሸች። ጀርባ የሌለው ቡና ጀርባውን አሳያት! ከየት የመጣ ጀርባ ነው?

"ተያዘች" አለ ሪያድ። ደስ አላለውም፤ ግን የዩምናን ወረቀት አነሣ።

"ቆይ!" ጽዮናዊት ከመቀመጫዋ ተነሣች። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ሌባው እኔ ነኝ። ማኅተሙን የሰረቅኩት እኔ፤ ዩምና ሳታውቅ የሰው ዕቃ የያዘች መንገደኛ ናት። ዘበኛው እኔን ይያዝ። ደንብህ ነው።"

"ወርቅጣትን?" አለ ኖህ። "እብድ ናት እንዴ ይቺ?"

ሪያድ የወርቅጣትን ወረቀት አነሣ። ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ እምቢ አለው፤ ሁለቴ ስቦ ነው የቀደደው።

"እያለቀስሽ ነው?" አላት ኖህ።

"ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው። አርፈህ ተቀመጥ።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ዩምናና ጽዮናዊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ዩምና ሌላኛውን እጇን ዘረጋች። አምስቱ ጀርባ የሌላቸው ፍሬዎች መዳፏ ላይ ተቀምጠዋል።

"መቼ ቀየርሻቸው?" ጽዮናዊት አፏን ከፈተች። "አጠገብሽ ነበርኩኮ!"

"ሻሼን ሳስተካክል ያንቺን ሸጎጥኩ፤ ጣሳውን ስገፋ የጣሳውን አነሣሁ።"

"አንቺ እኮ ምላስ ነሽ! ጣት እኔ ነኝ!" ቀጥላም፣ "ለምን ግን? ታልፊ ነበር" አለች።

"የእድር ሰው እርስ በርሱ አይሰራረቅም።" ዩምና ፍሬዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እነዚህን ሊሙ ይዣቸው እሄዳለሁ። ቅዳሜ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ። ቅርንጫፉ ጣት የለውም፤ አዲስ ወረቀት ጀምሪ።"

የጽዮናዊት ልብ እንደ ፊኛ ተነፋ። አገጯ ቀና አለ።

"በይ እመኚ ግን" አለች። "ሪያድ ነቃ? አልነቃም። ኖህ ነቃ? አልነቃም። ከሸቤ እስከ ሊሙ ገነት እንደዚህ ዓይነት እጅ..."

"ሂጂ ታጠቢው" አለቻት ዩምና። "ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤ ጓሮው ከገባሽ ጀምሮ ሁላችንም ሸቶናል።"