ሦስተኛዋ ክር

«ስኒ እዚያ ላይ አይቀመጥም!»

ልጅቷ ስትጮህ ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቷ ፒያኖው ላይ ልታኖረው የነበረውን የሻይ ስኒ እንደያዘች ቀረች። ሦስት ቀን ሙሉ ዘለላ እንባ ያልወጣት ልጅ ለዕቃ ስትቆጣ ያየ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ምን ዓይነት ደረቅ ናት?» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው እስከ በር ተሰማ።

ሟቹ አባቷ ፒያኖ ቃኚ ነበር። ሕፃን ሳለች የፒያኖውን የፊት መክደኛ ከፍቶ ያሳያት ነበር። ቁልፉን ስትጫን ከውስጥ ሱፍ የለበሰች ትንሽ መዶሻ ብድግ ብላ ክሩን ትመታና ወዲያው ትመለሳለች።

«ለምን ትሸሻለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ካልሸሸችማ የወለደችውን ድምፅ ራሷ ታፍነዋለች» አላት። ከዚያ መዳፏን ወስዶ ከፒያኖው ጀርባ ካለው ሰፊ ጣውላ ላይ አኖረው። «ክሩ ምስኪን ነው፤ ብቻውን ቢጮህ ጎረቤት አይሰማውም። ጉልበቱን ለጣውላው ይሰጣል፤ ቤቱን የሚሞላው ጣውላው ነው።» መዳፏን እየነዘራት አፏን ከፍታ ቀረች። ያን ቀን ቃኚ ለመሆን ቆረጠች፤ ሆነችም።

ነገር የተበላሸው ከሦስት ወር በፊት ነው። አባቷ የቃኘውን ይህንኑ ፒያኖ በአዲሱ የድምፅ መለኪያ መሣሪያዋ ፈተሸችው። ለአንድ ድምፅ ሦስት ክር አለ፤ ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። እሷ ግን በየድምፁ ሦስተኛዋን ክር ከሁለቱ በጥቂቱ ዝቅ ብላ አገኘቻት።

«አባዬ፣ ጆሮህ ደክሟል። ከእንግዲህ ሰው ቤት ሄደህ ባትሠራ ይሻላል» አለችው።

አልተቆጣም። መቃኛውን፣ ያንን ክር የሚያጠብቅበትና የሚያላላበት፣ እጀታው በእጁ ላብ የጠቆረ መሣሪያ፣ ከቦርሳው አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። እሷም መለኪያው እንዳዘዛት ክሮቹን ሁሉ እኩል አደረገች። አባቷ ዳግም ለሥራ ሳይወጣ ሞተ። «ቢሆንም እውነቴን ነበር» ትላለች ለራሷ። ሌላ መጽናኛ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ መጣች። የትምህርት ቤቷን ፒያኖ ሃያ ዓመት የቃኘላት ሟቹ ነበር። ጥቂት አልቅሳ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ጊዜው ባይሆንም አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የኛን ፒያኖ ስትቃኚ ሦስተኛዋን ክር አባትሽ እንደሚያደርጋት አድርጊልኝ።»

«እንዴት ነው የሚያደርጋት?»

«ዝቅ ነዋ! በጣም ትንሽ። እስከ መጨረሻው ሳይነግርሽ ቀረ እንዴ?» አስተማሪዋ ሁለት መዳፎቿን አንድ ላይ ወደፊት ገፋች። «ክሮቹ ፍጹም እኩል ከሆኑ ጣውላውን እንዲህ አብረው ይገፉታል። ጉልበታቸው ባንዴ ያልቅና ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ትንሽ ከተለያዩ ግን ጥቂት ቆይተው አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል።» አንዱን መዳፍ ገፍታ ሌላውን ሳበች። «ያኔ ጉልበታቸው በቀስታ ነው የሚወጣው። ድምፁ ይቆያል።»

ልጅቷ ወደ ፒያኖው ዞረች። «ለምን አልነገረኝም?»

«የተባባላችሁትን ሲነግረኝ እኔም ለምን አልነገርካትም ብዬ ጠይቄው ነበር። ‹በሌላ ሰው ጆሮ አይሰማም፤ አንድ ቀን ራሷ ትሰማዋለች› አለኝ።»

«ከፍቶት ነበር?»

«አልዋሽሽም፣ ከፍቶት ነበር። ግን መቃኛውን ለሌላ ሰው አልሰጠም።»

ልጅቷ ተነስታ ፒያኖውን ከፈተች።

«ኧረ ጉድ! በለቅሶ ቤት?» አለች አክስቷ።

«ተያት» አለች እናትየው ከጥግ። ከቀብር ወዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ልጅቷ መሃል ያለውን ቁልፍ መታች። ድምፁ ጮኾ ወጣ፤ ሳይሰናበት እንደሚሄድ እንግዳም ወዲያው ጠፋ። «ይህን ሦስት ወር ሙሉ እንዴት አልሰማሁም?» አለች በልቧ። ለካ መለኪያውን ስታይ ነው የከረመችው። መቃኛውን አምጥታ የሦስተኛዋ ክር መወጠሪያ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ዞረ እንኳ አይባልም፤ እጇ ብቻ ትንሽ ከበደ። እንደገና መታች።

ድምፁ ወጣ፤ መድከም ጀመረ። መሞት በነበረበት ቦታ ላይ ግን አልሞተም። ቀጥኖ፣ እየተነፈሰ፣ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ከአንዲት የሱፍ መዶሻ አንድ ምት ይህ ሁሉ መውጣቱ ሁሉንም አስደነቃቸው፤ ሲያንሾካሹክ የነበረው ሰውዬ እንኳ ትንፋሹን ያዘ። እናትየው መጥታ ከፒያኖው ጀርባ በኩል መዳፏን ጣውላው ላይ አኖረች።

«አለ» አለች። ቆይታ ደግሞ «ገና አለ» አለች።

የልጅቷ እንባ መጣ፤ ሦስት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ። በሌላ እጇ እንኳ አልጠረገችውም። ጣቷን ከቁልፉ ካነሳች ማፈኛው ሱፍ ክሮቹ ላይ ወድቆ ድምፁን እንደሚቆርጠው ታውቃለች።

ድምፁ ከጆሮ ጠፋ። እናትየውም እጇን ከጣውላው ላይ አነሳች። አክስቷ ያን ስኒ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷ ግን ቁልፉን እንደተጫነች ቆመች።