የውሃልክ ቀኝ ትከሻ

ውሃልክ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ናቸው። ግድግዳን አንድ ጊዜ ገርመም ካደረገ የት ጋ እንደጎበጠ፣ በስንት ሚሊ እንደሸሸ ይናገራል፤ መሣሪያ አምጥተው ሲለኩ እሱ ያለው ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ጀሶ ለስኗል። ኮርኒስ ላይ ደግሞ የሚያህለው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይነግራችኋል።

ጉዳቱ የደረሰበት የአንድ ትልቅ አዳራሽ ኮርኒስ ሲለስን ነው። እግሩ ከመወጣጫው ጣውላ ላይ ተንሸራተተ። አልወደቀም። በቀኝ እጁ ብረቱን ጨብጦ ተንጠለጠለና ያ ሁሉ ክብደቱ፣ ክብደቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ በአንድ ትከሻው ላይ አረፈ። ውስጡ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሥር ሆኖ ጀሶ ሲያቦካለት የኖረው የሚስቱ ወንድም አቅፎ አወረደው።

የአጥንት ሐኪሙ የኤምአርአዩን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ አስረዳው።

"አጥንትዎ ደህና ነው። ትከሻን ዙሪያውን አቅፈው የሚይዙ አራት ጅማቶች አሉ። ከነሱ አንዷ፣ ይቺ የላይኛዋ፣ በከፊል ተቀድዳለች። ጨርሳ አልተበጠሰችም። እንዲህ ያለው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። ከባድ ነገር አያንሡ፣ ክንድዎን ግን ዝም ብለው አያስቀምጡት። ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ፣ በየቀኑ በቀስታ ያንቀሳቅሱት።"

"ጀሶ አይደረግልኝም?"

"ለዚህ ጀሶ አይደረግም።"

"ጎረቤቴ ለአንዲት አጥንት እስከ ክርኑ ነው የተደረገለት!"

"እሱ አጥንቱ ነው የተሰበረው። የእርስዎ ጅማት ነው። ትከሻ ታስሮ ከቆየ አልንቀሳቀስም ይላል" አለ ሐኪሙ፣ እጁን ወደሚቀጥለው ፋይል እየሰደደ።

ውሃልክ ከክፍሉ ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ንግግር በጆሮው የቀረችው "ተቀድዳለች" የምትለዋ ብቻ ነበረች። ሰው ሲደነግጥ የሚሰማው ይህን ያህል ነው፤ አትፍረዱበት። የቀረውን በገዛ ሙያው ሞላው። እርጥብ ጀሶ ይነካል እንዴ? ስንጥቁን ሞልተህ ትተወዋለህ፣ እስኪደርቅ ጣትህን አታስጠጋም። የሚነካካ ሰው ሥራውን ያበላሻል። ታዲያ የተቀደደ ጅማት አንቀሳቅስ ማለት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

"ለሰው ሁሉ የሚደረግ ጀሶ" አለ ቤት ሲደርሱ ለሚስቱ ወንድም፣ "ለእኔ ለጀሶው ጌታ ይከለከላል?"

"እውነትህን ነው ጋሼ። ጓሮ ደግሞ ሁለት ከረጢት አለን።"

እናም አደረጉት። ሚስቱ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፤ እሷ እስክትመለስ ጊዜ ነበራቸው። አሮጌ አንሶላ በቁመቱ ተረተሩ፣ ጀሶ በጥብጠው ነከሩት፣ ከክርኑ ጀምረው ትከሻውን አልብሰው፣ በብብቱ ሥር አዙረው ደረቱ ላይ ጠቀለሉት። ውሃልክ በግራ እጁ የልስን ካዙላውን ይዞ ጠርዙን ራሱ አስተካከለ። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ይህን ሠላሳ ዓመት በመዳፉ ያውቀዋል፣ በብብቱ ግን የተማረው ያን ዕለት ነው። "ኧረ ተቃጠልኩ!" እያለ ጓሮውን ሲዞር የሚስቱ ወንድም በጋዜጣ እያራገበ ተከተለው።

ሚስቱ ገብታ ስታያቸው ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሕክምና ነው" አለ ውሃልክ።

"ሐኪሙ ነው ያደረገልህ?"

የሚስቱ ወንድም ጀሶ ያነጣቸውን እጆቹን ወደ ጀርባው ደበቀ።

"ከሁለታችሁ አንድ ሙሉ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት!" አለች።

ይፈታ አለች፤ አይፈታም አለ። ለሦስት ሳምንት ተኩል አልተፈታም። በዚህ መሃል የአዳራሹ ፎርማን ደወለ።

"ያን የኮርኒሱን ቅስት ካንተ ሌላ የሚያወጣልኝ የለም፣ ሦስት ወር እጠብቅሃለሁ" አለው። "ከዚያ ካለፈ ግን አትቀየመኝ፣ ሌላ ሰው አስገባለሁ።"

"ሦስት ወር ምን አላት" አለ ውሃልክ፣ ከነጀሶው ተቀምጦ።

በመጨረሻ ድኛለሁ ብሎ ጀሶውን በመሮና በመቀስ ሲያስነሣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ተላልጦ ነበር። እሱስ ይድናል። ክንዱን ሊያነሣ ሲሞክር ግን ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሕመም ብቻ አይደለም ያቆመው፤ በር የተዘጋበት ያህል ነው። እንደገና ሞከረ። አልሄደም። ኮርኒስ የሚነካው በዚያ እጅ ነው፣ ይህ ቤት የቆመው በዚያ እጅ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ገደልኩት" አለ። ሚስቱ "ነግሬህ አልነበር?" የማለት ሙሉ መብት ነበራት፤ አላለችም። ሸሚዙን አለበሰችውና ይዛው ወጣች።

ፊዚዮቴራፒስቷ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል አጠር ያለች ሴት ናት። ነገሩን ከሥሩ ሰማች። የቤቱ ጀሶ ጋ ሲደርሱ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች፤ አልሆነላትም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። ጠርዙንም አስተካክለውታል?"

"ያለ ጠርዝ ሥራ አለ እንዴ?" አለ ተቀይሞ።

ሸሚዙን አስወልቃ መስተዋት ፊት አቆመችው። "እኔ ምንም አልልም። የሚታይዎትን እርስዎ ይንገሩኝ።"

አየ። ቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሏል። "በሁለት ሴንቲ ከፍ ብሏል" አለ ቀስ ብሎ። "ወደ ፊትም ሸሽቷል።"

"ክንድዎን ያንሡ።"

ሲያነሣ ክንዱ ሳይሆን ትከሻው ብድግ አለ። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን አፍርሰው ይለው ነበር።

"ቅዱ እንዳሰቡት አስፈሪ አይደለም" አለችው። "አሁን ያስቸገረን ሌላ ነው። መገጣጠሚያውን የሚሸፍን ስስ ነገር አለ፤ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይኮማተራል። ጀሶ ሳይነካ ሲቀር ነው የሚጠነክረው፣ አይደል? ሥጋ ግን የሚጠገነው እየተንቀሳቀሰ ነው።"

"ይመለሳል?"

"ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ መሥራት አለብዎት። በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ካላየን ሐኪሙ ስለ ቀዶ ጥገና ያነጋግርዎታል።"

"ፈርቻለሁ ልጄ" አለ ውሃልክ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

"ይፍሩ፣ ምንም አይደለም። እየፈሩ ያንቀሳቅሱት።"

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ነው። ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ገመድ ለቅቆ ያወዛውዛል። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ በሁለት ጣቶቹ እየዳኸ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣቶቹ የደረሱበት ላይ ሚስቱ በእርሳስ ትጭራለች። የመጀመሪያው ጭረት ከደረቱ አላለፈም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሲፋጠጥ ግድግዳው ወደ ግራ መንጋደዱን አየና "የትኛው ቀሽም ነው የለሰነው?" ብሎ ጮኸ። የሚስቱ ወንድም "አንተ ነህ ጋሼ፣ ያገባህ ሰሞን" አለው። ከዚያ በኋላ የግድግዳው ነገር አልተነሣም።

በአምስተኛው ሳምንት ጭረቱ ግንባሩ ላይ ደረሰ፤ የሰውየውም ልብ አብሮ ከፍ አለ። ጎረቤት ቤት ሲሚንቶ ከመኪና ሲወርድ አይቶ "ቆይ እስቲ" ብሎ አንድ ከረጢት በቀኙ ሳብ አደረገ። ያን ሌሊት አልተኛም። በማግስቱ ጣቶቹ አገጩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እርሳሱን ከሚስቱ እጅ ቀምቶ ወረወረው።

"አበቃ! ፎርማኑም ሌላ ሰው ይፈልግ።"

"አንሣው" አለች ሚስቱ።

"ምኑን?"

"እርሳሱን። በቀኝህ። ጎንበስ ብለህ።"

አነሣው። እሷም አገጩ ትይዩ ጫረችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፊዚዮቴራፒስቷ አልተቆጣችውም። "ሲሠሩ ቆንጠጥ አድርጎ በማግስቱ የሚተውዎት ሕመም ችግር የለውም" አለችው። "እንቅልፍ የሚነሣዎት ሕመም ግን በዛብኝ እያለዎት ነው፤ ይስሙት።" መስማት ይችል እንደሁ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ሲጀምር ሳይጨርስ ወርዶ አያውቅም።

በስምንተኛው ሳምንት ሚስቱ ለመጫር ወንበር ላይ መውጣት ነበረባት። ውሃልክ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ፤ እሷም ወንበሩ ላይ እንደቆመች ራሱን ዳበሰችው። ሐኪሙ ወደ ሥራ እንዲመለስ ፈቀደ፣ ግን ሲፈቅድ ጣቱን ቀስሮ ነው። "እጅዎ ከራስዎ በላይ ሆኖ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ እረፍት። ሃያ አንደኛዋን ደቂቃ ካስለመዱት ተመልሰን እዚሁ ነን።"

ሦስቱ ወር ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው መወጣጫው ላይ ወጣ። የሚስቱ ወንድም በእህቱ ትእዛዝ አብሮት ወጥቷል። ፎርማኑ ከታች እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ውሃልክ ጀሶውን በካዙላው አንሥቶ ኮርኒሱ ላይ ሳበው። ወላገደ። ፋቀው። እንደገና ሳበው፣ አሁን ጀሶው በቦታው ተኛ፣ ለጥ ብሎ ተኛ። ክንዱ ጋለ እንጂ እምቢ አላለም። እዚያ ላይ ሆኖ ደስታው አላስችል ስላለው ለብቻው ሳቀ።

ቅስቱ ግማሽ ሲደርስ ሚስቱ ስልኩ ላይ የሞላችው የሃያ ደቂቃ ደወል ኪሱ ውስጥ ጮኸ። የተበጠበጠው ጀሶ መጠንከር ጀምሯል። አሁን ከቆመ መጋጠሚያው ላይ መስመር ይወጣል፣ ያ መስመር ደግሞ አዳራሹ እስካለ ድረስ ይታያል። ትከሻው ምንም አላለውም። አምስት ደቂቃ ብትጨመር ማን ያያል?

ካዙላውን አወረደ።

"አመመህ እንዴ ጋሼ?"

"አላመመኝም። ደቂቃዬ አለቀ።"

"ታዲያ ጀሶውስ? ሊጠነክር እኮ ነው!"

ውሃልክ በሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው እጅ ያላስነካውን ኮርኒስ ቀና ብሎ አየው። ካዙላውን በእጀታው በኩል ዘረጋለት።

"በል ፍጠን። እኔ ካቆምኩበት፣ ከእርጥቡ ላይ ጀምርና ሳብ።"

"እኔ? ኮርኒስ?"

"አሥራ አራት ዓመት አንጋጠህ ያየኸው ምን ነበር? ሳብ!"

የሚስቱ ወንድም ካዙላውን ተቀብሎ ሳበ። ውሃልክ ጣውላው ላይ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እያወዛወዘ ዓይኑን ከላይ አልነቀለም። "ጫን በል። ግራውን አቅልለው። አዎ፣ እንደሱ።" ቅስቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፎርማኑ ከታች ተጣራ።

"የቱ ጋ ነው አንተ ያቆምከው?"

ውሃልክ ቀና ብሎ ፈለገ። ከዳር እስከ ዳር ፈለገ፤ መጋጠሚያው ጠፋበት።

"እኔ እንጃ" አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ።