የአክስቴ የመጨረሻ ቃል

ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ውስጥ፣ ሃውስማይስተር የሚባለው የሕንፃችን ተቆጣጣሪ፣ አክስቴ ሙሉወርቅ በረንዳቸው ላይ የተከሉትን ጤና አዳም ነቅሎ ጣለው። በማግስቱ አንዲት አሮጊት ከኋላው መጥታ በጃንጥላ ዠለጠችው። ፍርድ ቤቱም «አሮጊቷ እርስዎ ነዎት» ብሎ አክስቴን ቀጣቸው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዳኛው የአክስቴን ጠበቃ ሰምቶ ሲያበቃ ቀጥታ ወደ ፍርዱ ገባ፤ እሳቸውን «ምን ይላሉ?» ያላቸው የለም። እኛ ዘንድ እኮ በሽምግልና የበግ ሌባ እንኳ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም! አክስቴም «መቼም ይጠይቁኛል» ብለው አፋቸውን ዘግተው ሲጠብቁ ነው የተፈረደባቸው። ጠበቃው ይህንኑ ይዞ ይግባኝ አለ። የበላይ ፍርድ ቤቱም «የመጨረሻው ቃል የተከሳሽ ነው» ብሎ ፍርዱን ሻረው።

በአዲሱ ችሎት ሃውስማይስተሩ የመታችውን ሴት ፊት እንዳላየ አመነ። ጠበቃው ፈገግ አለ። አዲሷ ዳኛ ወደ አክስቴ ዞር ብላ፣ «የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነው» አለች።

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ይህን ስጠብቅ ከረምኩ» አሉ። «መታሁት። ጤና አዳሜን ካልተከለልኝ ደግሞ እደግመዋለሁ።»