የተፈታ ስፌት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም። ስለዚህ አዲሷ ልጅ አጠገቤ ያለው የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠችበት ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም።

የምንሰፋው የሐኪም ጋውን ነው። ጠዋት መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት አጭር ጸሎት እናደርሳለን፤ መሪዋ እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት በእምነት የቆየሁት እኔ፣ ሌላ ማን ሊመራ ነው? አዲሷ ግን አሜን እንኳ ድምፅ አውጥታ አትልም። ከንፈሯን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ነው። ካመነች ዓመት ያልሞላት ሰው እንዲህ ስትሆን አላማረኝም።

አንድ ቀን ሰፍቼ ከከመርኩት ላይ አንዱን ጋውን አንስቼ የስፌቱን ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩ። ስፌት ስጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ፣ ሳላደርገው ቀርቼ አላውቅም። ይሄኛው ሁለቴ ብቻ ነው የተመለሰው። ሌላም አነሳሁ፤ እሱም ሁለቴ። ሥራዬን የነካ ሰው አለ።

በማግስቱ ለምሳ የወጣሁ መስዬ በሩ ጀርባ ቆምኩ። የቅርቡ ቢያስቸግረኝም የሩቁን አልስትም። በበሩ መስታወት ሳይ አዲሷ የእኔን ጋውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በመርፌ ጫፍ ስፌቱን እየነቀሰች ትፈታለች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔን አበላሽታ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን መኪናዬን ልትወርስ ነው። ጌታ ሆይ አጋልጣት ብዬ ጸለይኩ፤ ምሳም አላሰኘኝም። ጌታ ከዘገየ ብዬ ደግሞ ለአለቃችን ራሴ ነገርኩት።

ጠዋት ከጸሎቱ በኋላ አለቃ በሁላችንም ፊት አቆማት። ወደ እኔ እያመለከተ የእሷን ስፌት ፈትተሻል ወይ ሲላት አዎ አለች። ለምን ብሎ ቢጠይቃት ግን ዝም። ደግሞ ጠየቃት፤ መሬት መሬት አየች። እንግዲያው ዕቃሽን ሰብስቢ አላት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

እሷ መቀሷንና ሹራቧን ከረጢት ውስጥ ስትከት፣ ወንበሯ ላይ ሳትፈታው የቀረ አንድ የእኔ ጋውን አየሁ። ማስረጃ ይሆናል ብዬ አነሳሁት። ጫፉ ላይ ሦስቴ የተመለስኩበት ስፌት አለ። ከዚያ ወደ ብብቱ ስዳስስ ጣቴ በጨርቁ መሃል ሾለከ። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ ጭጋግ። ክንዴን ዘርግቼ አርቄ ስይዘው ታየኝ። ስፌቱ ከጠርዙ ወጥቶ ባዶውን ይሄዳል፣ የታችኛውን ጨርቅ አልያዘውም።

ስትፈታ የከረመችው ይሄን ነው። በምሳ ሰዓቷ ፈትታ፣ አቃንታ፣ መልሳ ከክምሬ ላይ ታኖራለች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እሷ እንደማትናገር አይቻለሁ። ብናገር ከመኪናዬ እነሳለሁ፤ ከመስፋት ሌላ ደግሞ ምንም አላውቅም። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ጋውኑን ለአለቃ ዘረጋሁለትና፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ እሷ ጉድለቴን ስትሸፍንልኝ ነው የከረመችው» አልኩት።

ስፌቱን እሱም ዳሰሰው። በኋላ ልጅቷን ወደ ቦታሽ ተመለሺ አላት፤ እኔን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ እንድሠራ አዘዘኝ። ተከራክሬ የማላውቅ ይመስል እሺ አልኩ።

ከረጢቷን ተቀብዬ ወንበሯ ላይ አኖርኩላትና ከጎኗ ቆምኩ።

«ስፌቴን ስትፈቺ ከርመሻል» አልኳት። «እኔንም ፍቺኝ።»

ቀና ብላ አላየችኝም፤ መርፌዋ ላይ ክር እየሰካች ነበር።

«እትዬ፣ በመስታወቱ ሲያዩኝ አይቼዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎን ያን ዕለት ነው የፈታሁዎት።»

በማግስቱ ጸሎቱን ሌላ ሰው መራ። አሜን ሲባል ከንፈሬን ነቅነቅ አደረግኩ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም።