እሑድ እሑድ የምትገፋው መኪና

የአባዬ መኪና የተሸጠችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለመኪናዋ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺ መኪና ከማንም በላይ ያንጨረጨረችው እኔን ነው። የፈራሁት ስለ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ከአባዬ ተጣልቶ ከቤት ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ወደ በራችን የሚያመጣው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ መኪና መግፋት። እሷ ከሄደች በምን ሰበብ ይመጣል?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባዬ የሒሳብ መምህር ነበር። መኪናዋን የገዛት እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ነው፤ ጡረታ ከወጣ ባልደረባው ላይ። ያኔውኑ አርጅታለች። ቀለሟ ነጭ ይሁን ክሬም ዛሬም ድረስ እንከራከራለን። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሉት ዕቃ ሞቶ ስለነበር ቁልፍ ቢያዞሩባት ጭጭ ናት። የምትነሳው ወይ ተገፍታ፣ ወይ ቁልቁለት ላይ ቆማ በራሷ ክብደት ተንደርድራ ነው። እማዬ "እትዬ" ብላ ስም አወጣችላት፤ ካልተለመኑ ከመቀመጫቸው የማይነሱ ትልቅ ሴትዮ ትመስለኛለች ብላ። "እትዬ ዛሬ ተነሱ?" ስንባባል የሰማ እንግዳ፣ ቤት ውስጥ የታመመች አክስት ያለችን ይመስለውና "እግዜር ይማራቸው" ይል ነበር።

በዚህ ምክንያት እኛ ቤት ማንኛውም ነገር የሚመረጠው በቁልቁለት ነበር። ወደ ጥርስ ሐኪማችን የምንሄደው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ክሊኒኩ ዳገት ራስ ላይ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ደህናውን ጥርሴን ነቅሎ የታመመውን ቢተውልኝ፣ አባዬ ትንሽ አሰበና "እንዲህ ያለ ማቆሚያ ግን አይገኝም" አለ። ጫማ የምንገዛውም፣ ፎቶ የምንነሳውም ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሜዳ ላይ ቤት የሠራ አጎቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንጠይቀው ቀርተን ተቀይሞናል። እኔ ዛሬ ፖስታ ቤት ተቀጥሬ በአውቶቡስ የምመላለስ ሴት ነኝ፤ ግን አሁንም ጥሩ ቁልቁለት ሳይ "እዚህ እትዬን ማቆም ነበር" እላለሁ። ሰው ናፍቆቱን አይመርጥም።

ችግሩ የራሳችን ቤት ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። ከበራችን እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ስልሳ እርምጃ ያህል አለ፤ ያቺን ስልሳ እርምጃ መግፋት ነበረብን። አባዬ መሪው ላይ ይቀመጣል። ከኋላ እማዬ በግራ፣ ወንድሜ በቀኝ፣ እኔ መሃል። እማዬ ጫማዋ እንዳይበላሽባት አውልቃ ጣሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። እንገፋለን፤ አባዬ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ እትዬ ሁለት ጊዜ ያስሉና ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ እየሮጡ መግባት ነው። አንድ እሑድ እማዬ ጫማዋን ጣሪያው ላይ ረስታ ገባችና እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላበት አክስቴ ቤት በካልሲ ደረሰች። እንግዶች ስለነበሩ ቀኑን ሙሉ እግሯን ከወንበሩ ሥር አላወጣችም።

ፊት ለፊታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ እኛ ስንገፋ መቀሱን ይዞ በር ላይ ይወጣል።

"መምህር፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላል።

"ያንተ ላም በሰማይም የለችም" ይለዋል አባዬ፣ መሪውን እንደያዘ።

ያ ሁሉ ሳቅ ወንድሜ የመጨረሻው ክፍል ላይ እስኪደርስ ነው። አባዬ ከሕፃንነቱ ጀምሮ "ኢንጂነሩ" ነበር የሚለው። ኢንጂነሩ በላ? ኢንጂነሩ ተኛ? ኢንጂነሩ ግን አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ትምህርቱን ትቶ አናጢ ቤት ሥራ መጀመሩን ተናገረ። አባዬ ብዙ አልጮኸም።

"እንግዲህ የሰው በር ስትልግ ኑር" አለው።

ወንድሜም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። በመስኮት ወደ እትዬ አየና "ቢያንስ እኔ የያዝኩት ዕቃ ይሠራል" አለ።

በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሁለት ወር ዓይኑን አላየንም። "ኢንጂነሩ" የሚለው ቃልም አብሮት ወጣ፤ አባዬ ስሙን ማንሳት ግድ ሲሆንበት "ያ ልጅ" ይላል። በመጨረሻ እማዬ አናጢ ቤቱ ድረስ ሄደች። "አባትህን ብለህ አይደለም፣ ወገቤን ብለህ ና" አለችው። "እኔና እህትህ ብቻችንን እየገፋን ልንሞት ነው።"

በማግስቱ እሑድ መጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረም። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሙጫና እንጨት እንጨት እየሸተተ ይመጣል፤ አባዬ ቀድሞ መሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ሁሉም በእኔ በኩል ነው።

"ለወንድምሽ ንገሪው፣ ቀኝ ቀኙን ይያዝ።"

"ሰምቻለሁ በያቸው" ይላል ወንድሜ፣ ክንድ በማታህል ርቀት ላይ ቆሞ። ከጠቡ በኋላ አባዬን አንቱ ማለት ጀምሮ ነበር። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ርቀት ነው።

ከገፋን በኋላ ግን እሱም እየሮጠ ይገባል፤ እትዬ ቆመው አይጠብቁማ። ከገባ ደግሞ አክስቴ ቤት መድረሱ ነው፣ እዚያ ምሳ መብላቱ ነው፣ ማታ ስንመለስ እንደገና መግፋቱ ነው። እንዲህ እያለ ኩርፊያው ሳይፈታ እሑዱ ሙሉ አብረን እንውላለን። የኋላ መስኮቱ አይዘጋም፤ ነፋሱ እየመታን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን የሄድንባቸው እነዚያ እሑዶች አሁንም ይናፍቁኛል።

የቀረውን ስድስት ቀን ገፊ ስለሌለ እትዬ ደጅ ቆመው ይውላሉ፤ አባዬ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዞ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ሲገባ እማዬ አንጀቷ ያርራል።

"ሞተሪኖውን ለምን አታሠራውም?"

"መለዋወጫው አይገኝም።"

ወንድሜ አንድ ጊዜ "መካኒክ ጓደኛ አለኝ፣ ይይላቸው በያቸው" ብሎኝ ነበር። አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። "ኮፈኗን ማንም እንዳይነካ" አለና ወጣ። እኔ ከኩራቱ ቆጠርኩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የዓይን ሐኪሙ አባዬን ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ ከለከለው። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ሞተሯ ደህና፣ በግፊ የምትነሳ" ብዬ እፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አባዬ አነበበውና መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ገዢ የሆነችው መድኃኒት ቤት ያላት አንዲት ሴት ናት፤ ቸኩላ የምትኖር ዓይነት። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መጣች። ወንድሜም እንድንገፋ ቀድሞ ደርሷል። ከቤት ከወጣ ወዲህ ከእሑድ ሌላ ቀን በራችን ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"እንግዲህ የመጨረሻዋ ናት" አለኝ፣ እጁን በቀኝ በኩል እትዬ ላይ ጭኖ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ጣሪያው ላይ አስቀመጠች። እኔ መሃል ገባሁ። አባዬ ብቻ ቦታው ጠፍቶበት የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። ቁልፉን ከኪሱ ለማውጣት ብዙ ቆየ።

"ልጄ፣ ቁልፉን አንዴ ብቻ ነው የምታዞሪው" አላት። "መብራቷ ሲበራ ተያት። ከዚያ በላይ እንዳታዞሪ። እነሱ ይገፏታል።"

"እሺ አባት" አለችና ገብታ ተቀመጠች። ግን ዕድሜ ልኳን የለመደችውን አደረገች፤ እስከ መጨረሻው አዞረችው።

እትዬ ተነሱ። ሳል እንኳ አልነበራቸውም።

ሦስታችንም እጃችንን እንደጫንን ቀረን። ሞተሩ ከመዳፋችን ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የእማዬ ጫማ ጣሪያው ላይ ይንገጫገጫል። መጀመሪያ አፍ ያወጣችው እማዬ ናት።

"እኛ እኮ ገና አልገፋንም" አለች፣ እጇን እያየች።

ሁላችንም ወደ አባዬ ዞርን። እሱ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል።

"መቼ ነው የተሠራችው?" አለው ወንድሜ። ያለ እኔ፣ በቀጥታ።

"ቆይቷል" አለ አባዬ። ከዚያ ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። "ያኔ አንተ ከወጣህ በኋላ። ቅዳሜ ዕለት አሠራኋት። ለእናትህ እሑድ ጠዋት ላሳያት ብዬ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ላዞረው ስል በመስታወቱ አየሁህ። መጥተህ እጅህን ጭነህ ቆመሃል። ከስተህ ነበር።" የኮቱን ቁልፍ እንደገና ቆለፈ። "እና አላዞርኩትም።"

"በሚቀጥለውስ እሑድ?"

"በሚቀጥለውም መጣህ።"

ወንድሜ እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሳ፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምትሠራ መኪና ደጅ አቁመህ በእግርህ ሄድክ? በዚያ ሁሉ ዝናብ?"

አንቱታው ከአፉ ወድቆ ነበር። እሱ ልብ አላለውም፣ እኔ ግን ሰማሁት።

"በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው" አለ አባዬ።

"የእኔ ወገብስ?" አለች እማዬ። "አሥራ አንድ ዓመት መግፋቴ ለጤናዬ ምን አደረገልኝ?"

ሴትዮዋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ "ይቅርታ፣ ሐሳብ ቀየራችሁ እንዴ?" ብላ ጠየቀች። "አይ፣ ሂጂ ልጄ፣ በደህና ንጃት" አላት አባዬ። ሄደች። ስልሳዋን እርምጃ በአንድ ትንፋሽ አልፋ ቁልቁለቱን ጀመረች፤ የእማዬን ጫማ ጣሪያው ላይ እንደያዘች። ወንድሜ "ቁሚ!" እያለ ተከትሏት ሮጠ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ የሚለው ግን ጠፋው።

ወንድሜ ጫማውን በሁለት እጁ ይዞ እያለከለከ ተመለሰ። ለእማዬ ሰጣት። ከዚያ ሱሪውን አራገፈና "እንግዲህ…" አለ። ሳምንቱን ሙሉ የፈራኋት ቃል ያቺ ነበረች። ከ"እንግዲህ" በኋላ "ደህና ሁኑ" ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚገፋ ነገር የለም። እንዲቀመጥ ልለምነው አፌን ከፈትሁ።

"የቁም ሳጥኑ በር አይዘጋም" አለ አባዬ ድንገት።

ሁላችንም አየነው። ስለ አናጢነት ቃል ከአፉ ሲወጣ ከዚያች የጠብ ቀን በኋላ ሰምተን አናውቅም።

"የየትኛው?" አለ ወንድሜ።

"የመኝታ ቤታችን። ቆየ እኮ። የሚያየው ሰው ጠፋ።"

ወንድሜ "ነገ ዕቃዬን ይዤ መጥቼ አየዋለሁ" ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ ላስቀምጥ መኝታ ቤት ገባሁ። አባዬ ቁም ሳጥኑ ፊት ተንበርክኮ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ በገበታ ቢላዋ የማጠፊያውን ብሎን ይፈታል። ዓይኑ ስለማያይለት ቢላዋው እየተንሸራተተ እንጨቱን ይፍቀዋል። በሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም አልሆነም፤ እኔው ራሴ ጠዋት ዘግቼዋለሁ። ሲያየኝ አልደነገጠም።

"በሩን ደገፍ አርጊልኝ" አለኝ። ደገፍኩለት።

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ መጣ። በሩን አየ፣ ማጠፊያውን አየ፣ ብሎኑ ዙሪያ ያለውን የቢላዋ ጭረት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ሁለት ብሎን ማጥበቅ ነበር ሥራው። እሱ ግን በሩን ጨርሶ ነቀለና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"እንጨቱ ደክሟል" አለ ጮክ ብሎ፣ አባዬ ወደተቀመጠበት ሳሎን። "ይሄ በአንድ እሑድ የሚያልቅ አይደለም።"

"አናጢው አይቸኩል" አለ አባዬ ከሳሎን። "ሳጥኑ የትም አይሄድ።"

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። በሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የእማዬ ልብስ አቧራ እየጠጣ ነው፤ እሷም እሑድ እሑድ ሁለቱን በአንድ ላይ ትሰድባቸዋለች።